ቀፎ ያልገቡት የአባቴ ንቦች

ከጆሀንስበርግ ከተመለስኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቅ ነው። «ፎቁ ምን ያህላል? መንገዱስ? ወርቁ እውነት ከመሬት ይወጣል?» ይሉኛል። እውነቱን ስናገር ደግሞ ይስቁብኛል። እውነቱ ይሄ ነው፦ አገር አቋርጬ፣ አውሮፕላን ተሳፍሬ ሄጄ፣ አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት በአንድ ሱቅ ጓሮ በሆዴ ተኝቼ የመሬት ቀዳዳ ስመለከት ነው። ቀዳዳው የትንሿን ጣቴን ጫፍ እንኳ አያስገባም። እንግዲህ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ እኔ ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባቴ ከድር ደቡብ አፍሪካ የሄደው የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ማለት ለእኔ ስልክ ውስጥ ያለ ፊት ነበር፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ አፉ ቀድሞ ድምፁ የሚከተል ሰው። ከከተማው በስተደቡብ ርቆ በሚገኝ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለው። እዚያ እንዲህ ያለውን የሰፈር ሱቅ ስፓዛ ይሉታል። የሚሸጠውም የሚያድረውም እዚያው ነው።

ካቻምና አንድ ቀን ደውሎ «ግቢዬ ንብ መጣ!» አለን። እኛ ቤት ንብ ቀላል ነገር አይደለም። አያቴ ቀፎ ሲሠራ፣ ሲያጥን፣ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው፤ አባቴም ከእሱ ሥር ሥር እያለ ነው ያደገው። «ንብ ወዶ የገባበት ግቢ ሰው ያኖራል፤ ንብ የሸሸው ግቢ ግን ያሳድራል እንጂ አያኖርም» ይላል አያቴ። አባቴ ወዲያው ቀፎ ሠርቶ ሰቀለ። ለእናቴም «ንቡ ይግባልኝ እንጂ፣ ከሱቁ ወጥቼ ቤት እከራይና እናንተን አመጣለሁ» አላት። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ሲደጋገም ሲደጋገም ግን ቀልዱ ቃል ሆነ፤ ንቡም አልገባ። እናቴ ጎረቤት ስለ አባቴ ሲጠይቃት «ባሌ ንብ ይጠብቃል፣ እኔ ባሌን እጠብቃለሁ፤ ንቡ ማንን እንደሚጠብቅ እንጃ» ትላለች።

ስለዚህ ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ አባቴ ቪዛውን ጨርሶ ትኬት ሲልክልኝ፣ የሄድኩት ለጉብኝት ብቻ አልነበረም። አያቴ ከሁሉ ከሚወደው ቀፎ ያረጀ ሰም ቆርጦ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለልኝ። «የቀፎውን ውስጥ በዚህ ቀቢው። ንብ የንብ ቤት ከሸተተው ይገባል» አለኝ። እናቴ ጥቅሉን በራሷ ሻሽ ደግማ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን፣ ሻንጣዬ መሀል አስተኛችው።

ሐሙስ

ከወራቤ ስንነሳ ዝናቡ የሚኒባሱን ጣሪያ ይደበድባል። መንገዱ ላይ ጭቃው አስቸግሮን ሁለት ጊዜ ወርደናል፤ አንዱን ጊዜ እኔም ገፍቻለሁ፤ ጫማዬ ማስረጃ ነው። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አደርኩ። አክስቴ ጫማዬን አይታ «በዚህ ጫማ አውሮፕላን አትወጪም» ብላ ልታጥብልኝ ስትነሳ «ተዪው፣ አባቴ የአገሩን ጭቃ ይይ» አልኳት። ሳቀችና ግማሹን አጠበችው፣ ግማሹን ተወችልኝ።

ዓርብ

አውሮፕላን ውስጥ ያደረግኩት ትልቁ ነገር የቆሎዬን ፌስታል መቅደድ ነው። ቆሎው በወንበሮቹ ሥር እየተንከባለለ እስከ ኋላ ድረስ ሄደ። በሀፍረት መሬት ልግባ ስል አስተናጋጇ አብራኝ ተንበርክካ ለቀመች። ስትጨርስ ጆሮዬ ሥር «ያልወደቀ ካለሽ ለእኔም ቆንጠር አድርጊልኝ፤ ምሳ አልበላሁም» አለችኝ። እንግዲህ በሰማይ ላይ ያገኘኋት የመጀመሪያዋ ዘመዴ እሷ ናት።

ችግሩ የመጣው መሬት ላይ ነው። ጆሀንስበርግ አየር ማረፊያ አንዲት ወፍራም፣ ፊቷ ሳቂታ የሆነ መኮንን ሻንጣዬን አስከፈተችኝ። ሻሹን ፈታች፣ ቅጠሉን ፈታች፣ አሸተተች። «ምንድን ነው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። እኔ በኩራት «የንብ ሰም ነው፤ ለአባቴ ንቦች» አልኩ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር! ባልደረባዋን ጠርታ ተነጋገሩና ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የንብ ነገር ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ዓይን የማያየው በሽታ ይዞ መጥቶ የአገሩን ንብ ሊጨርስ ይችላል። ልክ ነበረች፣ አሁን ሳስበው። ያኔ ግን እንባዬ ቀደመኝ። «ሶሪ ማይ ቤቢ» እያለች ሶፍት ሰጠችኝ። ሰሙንና ቅጠሉን ወሰደች፤ የእናቴን ሻሽ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

እንዲህ ዓይኔ አብጦ ወጣሁ። አባቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ስልክ ላይ ከማውቀው ይልቅ አጭር ነው። እያየኝ አላየኝም። ዓይኑ ከደረቴ በታች፣ ከሰዎች ወገብ መሀል ይፈልጋል። ፊቱ ደርሼ «አባ» ስለው ቀና አለ። «እውነት አንቺ ነሽ? በስልክ እኮ ፊትሽን እንጂ ቁመትሽን አያሳይም» አለና አቀፈኝ። በእጁ የያዘው የብርድ ጃኬት ነበር። ለበስኩት። እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ። ሁለታችንም አየነውና ከልቅሶው ሳቅ ይሻላል ብለን ሳቅን። ጃኬቱን ግን አላወለቅኩትም፤ እስክመለስ ድረስ እሱኑ ለበስኩ።

ታክሲ ስንጠብቅ ስለ ሰሙ ነገርኩት። «ምንም አይደል፣ አንቺ መጣሽ አይደል» አለኝ። ግን ትንሽ ቆይቶ «ምንም አልቀረልሽም? ትንሽ እንኳ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስለ ታክሲው ልንገራችሁ። እኛ አገር ረዳቱ ነው የሚጮኸው፤ እዚያ ተሳፋሪው ነው በጣቱ የሚናገረው። ለየሰፈሩ የእጅ ምልክት አለው። አባቴ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ብርቱካን እንደጨበጠ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ሚኒባሱም ቆመ። «ኦሬንጅ ማለት ብርቱካን አይደል? ይኸው» አለኝ። መንገዱ ረጅም ነው። ሣሩ ሁሉ ቡኒ ሆኖ ደርቋል። የእኛ ክረምት ጭቃና አረንጓዴ ነው፤ የእነሱ ደግሞ ደረቅ ብርድ። ያኔ ክረምታቸው ወጥቶ ጸደይ ሊገባ ነበርና ቀን ላይ ፀሐዩ ደስ ይላል፤ ሲመሽ ግን ጥርስ ያጋጫል።

ቅዳሜ

ያደርኩት በአባቴ አከራይ ቤት ነው። ጎጎ ይሏታል፣ አያቴ እንደማለት። አባቴ ሱቅ ያደረገው የእሷን ጋራዥ ተከራይቶ ነው። ሦስት ብርድ ልብስ ደራርባ አለበሰችኝ፤ ጠዋት ደግሞ ማግዊንያ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ አበላችኝ። የእኛን ቦምቦሊኖ በሉት፣ ግን ስኳሩ የለም፣ ክብደቱ ደግሞ የድንጋይ ነው። አራተኛውን ስታቀብለኝ በልቼ መጥገቤን የምነግርበት ቋንቋ አጥቼ እሱንም በላሁ።

ሱቁን ሳየው ደነገጥኩ። እኛ ሰፈር ሱቅ ማለት ገብተህ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ፣ ወሬ የምትለቅምበት ነው። የአባቴ ሱቅ ግን በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ዳቦው በፍርግርጉ ይወጣል፣ «ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!» የሚለው ድምፅ በፍርግርጉ ይገባል። ስሙን የሚጠራው የለም። ከመደርደሪያው ጀርባ ፍራሹ አለ። ከፍራሹ በላይ የእኔ የአንደኛ ክፍል ፎቶ ተለጥፏል። ጃኬቱ ለማን እንደተገዛ ያኔ ገባኝ።

ጓሮው ግን ሌላ ዓለም ነው። ጎጎ በየጠዋቱ በሣር መጥረጊያ ትጠርገዋለች። አንድ ሣር፣ አንድ ቅጠል የለም፤ መሬቱ እንደ ምጣድ ለስልሷል። መሀሉ ላይ አንድ የኮክ ዛፍ አለ፤ ቅጠል ሳያወጣ አበባ ብቻ ለብሶ ሮዝ ሆኗል። ከዛፉ ላይ የአባቴ ቀፎ ተንጠልጥሏል፦ ውስጡ ካርቶን፣ ውጪው ጭቃ፣ ላዩ የዱቄት ከረጢት።

«አያትሽ ቢያየው ይስቅብኛል» አለኝ አባቴ።

ትንሽ አየሁትና «ይስቅብሃል» አልኩት። ደስ አለው።

ንቦቹ ነበሩ። ፀሐይ ሲሞቅ ብቅ አሉ፣ አበባው ላይ። የእኛን አይመስሉም፤ ያንሳሉ፣ ጠጉራሞች ናቸው፣ የኋላ እግራቸው ሰፊ ሱሪ የለበሱ ያስመስላቸዋል። ተሰብስበው አይጮኹም። አንዷ ትመጣለች፣ ትሄዳለች፣ ደግሞ ሌላዋ። «ዓይናፋር ናቸው። ኮኩ ሲያብብ ይመጣሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ። ቀፎዬን ዞር ብለው አያዩትም» አለኝ አባቴ። ይህን ሲለኝ ድምፁ ስለ ንብ የሚያወራ ሰው ድምፅ አልነበረም።

እሁድ

ሥራ ጀመርን። የባሕር ዛፍ ቅጠል እዚያም ሞልቷል፤ ሽታው ዓይኔን ጨፍኜ ወራቤ ወሰደኝ። በእሱ ቀፎውን አጠንነው። ሰም ስለሌለን የእናቴን ሻሽ አወጣሁ። አሸተትነው፤ ሰም ሰም ይላል። አባቴ ሻሹን ተቀብሎ የቀፎውን ውስጥ ቀስ እያለ አሸበት። ከሰሙ ሽታ ሥር ሌላም ሽታ እንዳለው አውቃለሁ፣ እሱም አውቋል መሰለኝ፤ ብዙ ቆየ።

ቀጥሎ ጉንዳን። አያቴ ሁልጊዜ ጉንዳን ቀፎ እንዳይወጣ በዛፉ ዙሪያ አመድ ይበትናል። ጎጎ በብርድ የምትሞቅበት እምባውላ የሚባል የተበሳሳ ቆርቆሮ ምድጃ አለ፤ አመዱ ብዙ ነው። እኔ ነኝ ተሸክሜ ያመጣሁት። ከዛፉ ሥር አንስቼ ሰፋ አድርጌ፣ አያቴ ቢያየኝ የሚኮራብኝን ያህል አሳምሬ በተንኩት። አባቴ ግድግዳ ተደግፎ እያየኝ «እጅሽ የአባቴ እጅ ነው» አለኝ። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሰኞ

ጠዋት ኮኩ ሥር ስደርስ ንቦቹ መጥተዋል፤ ግን እንደ ሁልጊዜው አይደለም። ብዙ ናቸው፣ ዝቅ ብለው በአመዱ ላይ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ።

«አባ! መንጋው መጣ! ሊገባ ነው!»

አባቴ ደንበኛውን ዳቦ እንደያዘ ጥሎት ሮጠ። መንጋ ሲመጣ በአያቴ ቤት እንደሚደረገው ውኃ ረጨን፣ አጨበጨብን፣ «ግባ፣ ግባ፣ ቤትህ ነው!» አልን። ጎጎም የምናደርገው ባይገባትም ከበሯ ወጥታ ታጨበጭባለች። በአጥሩ ላይ የደንበኞች ጭንቅላት ተደረደረ። «ማይ ፍሬንድ፣ ዳንስ ነው እንዴ?» ይላል አንዱ። «ማይ ፍሬንድ፣ ቆይ ስልኬን ላውጣ!» ይላል ሌላው።

አንዷም አልገባች። ቀና ብለው ቀፎውን አላዩትም። አመዱ ላይ ያርፋሉ፣ በእግራቸው ይጭራሉ፣ ይነሳሉ፣ ደግመው እዚያው ይመለሳሉ። የጠፋባቸው ነገር ያለ ይመስል። ውኃችን ሲያልቅ አባቴ እጁን በሱሪው ጠረገና «በቃ ረውዳ፣ እንተዋቸው። አልወደዱኝም» አለኝ። ወደ ፍርግርጉ ተመለሰ። ያን ቀን ራት ላይ ስለ ንብ ቃል አላነሳም። እኔም «እኛስ?» ብዬ መጠየቅ አቃተኝ። ሁለት ዓመት ሲጠብቅ የኖረው መልስ በእኔ እጅ «የለም» የተባለ መሰለኝ።

ማክሰኞ

ናዋል መጣች። ናዋል የአባቴ ዕቃ አከፋፋይ የእትዬ ሉባባ ልጅ ናት፤ ጆሀንስበርግ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ ነፍሳት የምትማር። በእናቷ ባኪ፣ ማለትም ፒክ አፕ መኪና፣ ዘይትና ሳሙና ጭና ነው የመጣችው። አማርኛዋ እንደ ሩዝ ነው፣ መሀል መሀሉ ላይ ጠጠር አለው። የትናንቱን ነገር እየተቀባበልን ስንነግራት ሳሙናውን ጣለችና ወደ ጓሮ ሄደች። አመዱን አየች። ንቦቹን አየች።

«ኢሽ!» አለች። «ጋሼ ከድር፣ ሲሪየስሊ? በራቸውን እኮ ነው የደፈናችሁት!»

«የቱን በር?» አለ አባቴ፣ ወደ ቀፎው አንጋጦ።

«ወደ ታች ጋሼ፣ ወደ ታች!»

ጎጎን ጠራቻት፣ በዙሉኛ አንድ ነገር ነገረቻት። ጎጎ በሣር መጥረጊያዋ አመዱን ጠረገች፤ መሬቱን የምትዳብስ እንጂ የምትጠርግ አትመስልም። ከአመዱ ሥር፣ በለስላሳው መሬት ላይ፣ ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ በየአፋቸው ጥቂት ደቃቅ አፈር። ሁላችንም ያየናቸው ነገር ነው። አባቴ የጉንዳን ነው ብሎ ያስብ ነበር። ጎጎም እንደዚያው፤ ናዋል ስትነግራት «ኮት የለበሱ ጉንዳኖች ናቸው ብዬ ነበር» ብላ በሳቅ ሞተች።

ናዋል በሆዷ ተኛች። እኔም ተኛሁ። አባቴም ግራ ቀኙን ዓይቶ፣ ደንበኛ እንዳያየው፣ ተንበረከከ። አንዲት ንብ መጣች፤ የኋላ እግሯ ላይ ቢጫ የአበባ ብናኝ እስክትከብድ ጭናለች። ዞረች፣ ዞረች፣ አንዷን ቀዳዳ ለየችና እልም! ገባች። ቤቷን አወቀችው!

«ይኸውልሽ፣ ሻርፕ!» አለች ናዋል፣ አሪፍ ለማለት። ከዚያ አስረዳችን። እኔም እንደገባኝ ልጻፈው። የንብ ቅድመ አያት ተርብ ነች፤ ሥጋ አዳኝ። መሬት ቆፍራ፣ ነፍሳት አድና፣ ለልጇ እዚያ ታስቀምጥ ነበር። በጣም በጣም ድሮ፣ አበባ በምድር ላይ ገና እየበዛ ሳለ፣ ከተርቦቹ አንዳንዶቹ ሥጋውን ትተው የአበባ ብናኝ ማምጣት ጀመሩ። ንብ ማለት ከዚያ ጀመረ። ያቺ የመጀመሪያዋ ንብ ቀፎ አልነበራትም፤ መንጋም፣ ማርም። ብቻዋን መሬት ትቆፍር ነበር። ማር የሞላው ቀፎ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

«እነዚህ ደግሞ አንድ ትንሽ ቤተሰብ አለ፣ የእሱ ይመስሉኛል» አለች ናዋል። «ከንቦች የዘር ሐረግ ላይ መጀመሪያ የተለየው ቅርንጫፍ ነው ይባላል። ገና ይከራከሩበታል ግን። አፍሪካ ውስጥ ዓይነታቸው ብዙ ነው። መምህሬ በማይክሮስኮፕ ካላየቻት አልምልም፤ ግን፣ ላይክ፣ የድሮውን ኑሮ ዛሬም የሚኖሩ ናቸው። ማር ሳይኖር የነበረውን።»

ዝግመተ ለውጥ እኛም ባዮሎጂ ተምረናል። ፈተናውን ደፍኜዋለሁ፤ ግን ለእኔ የዳይኖሰር ሥዕልና የሚሸመደድ ቃል ነበር። አሁን ግን ከአፍንጫዬ ፊት አንዲት ሱሪ የለበሰች ሴትዮ ማር ከመኖሩ በፊት የነበረውን ሥራ ትሠራለች። አባቴ በሳይንሱ አልተከራከረም፤ «እንዴት እንዳደረገው አላህ ያውቃል፤ ቀደምት ከሆኑ ይከበራሉ» ብቻ አለ። ጥያቄው ሌላ ነበር።

«አውራቸው የታለ?»

«አውራ የላቸውም ጋሼ። ሁሏም ለራሷ ናት።»

«ሠራተኛስ?»

«ራሷ።»

«ዘበኛስ? ተሸካሚስ?»

«ራሷ፣ ራሷ!»

«እንደ እኔ ነዋ!» አለ አባቴ፤ ሁላችንም ሳቅን፣ ጎጎም ሳይተረጎምላት።

«ልጆቿስ?» አልኩ እኔ። ምነው ባልጠየቅኩ።

«ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ስንቅ ታስቀምጣለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ በሩን በአፈር ትዘጋለች፣ ትሄዳለች» አለች ናዋል፣ ዓይኗን ከቀዳዳው ሳታነሳ። «ልጅየዋ በሚቀጥለው ጸደይ ስትወጣ እናትየዋ ሞታለች። አይተያዩም።»

አባቴ ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ። «ደንበኛ መጣ መሰለኝ» አለና ገባ። ደንበኛ አልመጣም ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ስነሳ አባቴ ኮኩ ሥር በሳሙና ሳጥን ላይ ቆሞ የቀፎውን ገመድ ይፈታል። ሮጬ ከታች ያዝኩለት።

«ተናደድክ አባ?»

«በማን?»

«በእነሱ። ወይ በእኔ፣ በአመዱ።»

ቀፎውን መሬት አስቀመጠው። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። «ያ ናዋል ያለችው... ስንቅ ታስቀምጥና ሳታየው ትሄዳለች ያለችው» አለኝ። «ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ አደርኩ።»

ልዋሸው ፈልጌ ነበር። ናዋል እርግጠኛ አይደለችም፣ መምህሯን ልትጠይቅ ነው ልል ነበር። አባቴ ግን የጃኬቴን አጭር እጅጌ ይዞ ወደ ታች ጎተት አደረገው፣ ይረዝም ይመስል። አልረዘመም።

«እኔ ንብ አይደለሁም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ትልልቅ ድንጋይ ለቅመን በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ደረደርን፣ የዳቦ መኪናው ወደ ኋላ ሲመጣ እንዳይረግጣቸው። ቀፎውን ጎጎ ለዶሮዋ ጠየቀችን፤ ከሰዓት በኋላ ዶሮዋ ገብታ ተቀመጠችበት። «ቢያንስ አንድ ሰው ቤቴን ወደደው» አለ አባቴ።

ሐሙስ

ሱቁን ጎጎ ጠበቀችለትና ከተማው መሀል ሂልብሮው የሚባል ሰፈር እትዬ ሉባባ ቤት ራት ሄድን። ፎቅ ፎቅ ለምትሉኝ፣ ይኸው ፎቁ፦ ዘጠነኛ ላይ ይኖራሉ፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል። ስድስተኛው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ የማላውቃት ሴት ውኃ ሰጠችኝ። እኛ አገር ጎረቤት ከአጥር ማዶ ነው፤ እዚያ ከእግርህ በታችና ከጭንቅላትህ በላይ ነው።

ከናዋል ጋር ወጥ ቤት ሰሃን ስናጥብ አባቴ ሳሎን ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ሰማሁት። ስለ ዘይት ዋጋ መስሎኝ ነበር። «እንደው እትዬ ሉባባ» ይላል፣ «እዚህ አካባቢ ቤት... ሁለት ክፍል ያለው... ትምህርት ቤቱስ ለልጆች እንዴት ነው? ወረቀቱስ ከየት ይጀመራል?»

ሰሃኑ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ናዋል ያዘችልኝ። «ሽሽሽ» አለችኝ፣ «አልሰማሽም።»

«አልሰማሁም» አልኳት።

ቅዳሜ

ዓርብን ዘልዬዋለሁ፤ ዕቃ ሳስርና ጎጎ ለመንገድ ማግዊንያ ስትጠብስልኝ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ኮኩ ሥር ሄጄ ተሰናበትኩ። አበባው መርገፍ ጀምሯል። አንዳንዶቹ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል፤ አሁን በአመድ አይደለም፣ በባለቤቶቻቸው።

አየር ማረፊያ አባቴ ብዙ ነገር አዘዘኝ፦ ለአያቴ ጃኬት፣ ለታናሽ ወንድሜ ኳስ፣ ጉንፋን እንዳይይዘኝ። ልገባ ስል ጠራኝ።

«ለእናትሽ ንብ ገብቷል በያት።»

«ቀፎው ውስጥ እኮ አይደለም አባ።»

«ገብቷል በያት አልኩሽ። የት እንደገባ አንቺ ታስረጃታለሽ፤ አሁን አዋቂ ሆነሻል።»

ወራቤ ስደርስ ዝናቡ እኔ የተውኩት ቦታ ላይ ነበር። እናቴ ሻንጣዬን ከመቀበሏ በፊት እንዳልከሳሁ ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አድርጋ አረጋገጠች። ሻሹን አውጥቼ ሰጠኋት። አሸተተችው።

«ንቡስ?» አለችኝ፣ ፊቷን ዞር አድርጋ።

«ገብቷል።»

እጇ ሻሹ ላይ ቆመ። «ቀፎው ውስጥ?»

«መሬት ውስጥ። አባ ቀፎ ከመስቀሉ በፊት ገብቶ ነበር እማ። እግሩ ሥር።»

እናቴ እግሯ ሥር ያለውን መሬት አየች። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ወደ ላይ አንጋጦ ነው?» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ እየቆየ ልቅሶ መሰለ፣ እኔም አብሬያት ሆንኩ።

በማግስቱ ያንኑ ሰም ሰም የሚለውን ሻሽ አስራ ፎቶ ቤት ሄደች። ጃንጥላውን ይዤ ተከተልኳት። ፎቶ አንሺው «እመቤቴ፣ ለፓስፖርት ነው፤ መሳቅ አይቻልም» ቢላት፣ ቢላት፣ ፊቷ እምቢ አላት።